በፈቃዱ ሰፍሮ ስለ ኮበለለው ሟች አያቴ

መጋቢት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.
አሶሳ

ለተከበሩ የሰፈራ ጣቢያው የመዝገብና ስምሪት ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ጓድ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የባልደረቦችዎን ደኅንነት፣ እንዲሁም ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት የሚደክመውን የክብ ማኅተምዎን ሁኔታ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ በአሶሳ ገበያ ከጨው ተራ አጠገብ በአንዲት የስፌት መኪና የምተዳደረው ልብስ ሰፊ ጀዕፈር ሐመድ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነኝ። እናቴ ወይዘሮ ዐዋጢፍ ጁምዓም ከነጉልበት ሕመሟ መንጌ ላይ ደኅና ናት። ከቤተሰባችን ሁኔታው የሚያሳስበን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት የሞተው አያቴ ነው። ስለ እሱ ግን ከእኛ ይልቅ እርስዎ ዘንድ ትኩስ መረጃ እንዳለ ስለተረዳሁ ይህን ለመጻፍ ተነሣሥቻለሁ።

ደብዳቤዬን በቀበሌያችን ሱቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቀደም ሲል ሦስት የታሸጉ ደብዳቤዎች ልኬልዎት ነበር። ሦስቱም እንዳሸግኳቸው መቀመጣቸውን፣ በአንደኛውም ላይ የሻይ ብርጭቆ እየተነሣ እየተቀመጠ ክብ ክብ ምልክት እንደሠራበት ቢሮዎ ስመላለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህኛው በመክፈት እንዳያደክምዎት ከመነሻው ክፍት አድርጌዋለሁ። ስኳር ለመውሰድ የተሰለፈ ሰው ሥራ ስለማይኖረው ሁሉም ያነበዋል፤ ያነበበውም ያወራዋል፤ እንዲህ እያለ ለእርስዎም መድረሱ አይቀርም።

ነገሩን ለማያውቁ የሰልፉ ወገኖቼ ስል ከመጀመሪያው ልጀምር። አያቴ ጁምዓ ዐብዱልቃድር የመንጌ ሰው ነበር። አንቱ የማልለው ክብር ጎድሎኝ ሳይሆን፣ ሲሞት ዕድሜው ከእኔ ካሁኑ ዕድሜ በአራት ዓመት ያንስ ስለነበር ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በ1931 ዓ.ም.፣ ለአርበኞች መልእክት ሲያደርስ ተይዞ ተማረከ። ያን ጊዜ እናቴ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየው ዘመድ የለም።

በእኛ ቤት ልማድ ለሟች ሰደቃ የሚደገሰው፣ አፈር ያለበሰው ሰው ቀርቦ በእጄ ቀብሬዋለሁ ብሎ ሲመሰክር ነው። ምስክር ከሌለ ሰውየው መንገደኛ ነው፤ ለመንገደኛ ይጸለይለታል እንጂ አይደገስለትም። በዚህ የተነሣ አያቴ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ መንገደኛ ሆኖ ኖረ። ሚስቱ፣ ማለትም ሴት አያቴ፣ ባለትዳርም ባልሞተባትም ሳትባል አርጅታ አለፈች። እናቴ በልጅነቷ አባትሽ የት ነው ስትባል መንገድ ላይ ነው እያለች አድጋ፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላትም መልሷ ያው ነበር።

እኔም በበኩሌ ባለኝ ሙያ ፈለግሁት። ዕድሜው ስልሳ ያለፈ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ትከሻውን እየለካሁ፣ በጣልያን ጊዜ የት ነበሩ ብዬ እጠይቃለሁ። ልኩን የሚያስለካ ሰው እጁን ዘርግቶ ስለሚቆም ወዴትም አይሄድም፤ መልስ ሳይሰጥ የወጣ የለም። በዚህ ዓይነት አሥራ አንድ ዓመት ከለካሁ በኋላ፣ ባለፈው ጥቅምት የባምባሲው ገበሬ ኦቦ ዱጋሳ ለልጅ ልጃቸው ለብሪቱ ሠርግ የሚለብሱትን ኮት ሊያሰፉ መጡ። የአያቴን ስም ስጠራ የዘረጉት እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። "የመንጌ ጁምዓ? ከንፈር እዚህ ጋ የተሰነጠቀ? እሱን እኮ እኔ ቀበርኩ። መጀመሪያ ሰንሰለት ፈታን፣ ከዚያ ቀበርን" አሉኝ። የኮቱን ልክ በዚያ ቀን መጨረስ አልቻልኩም።

ኦቦ ዱጋሳ በሃያ ዓመታቸው እንደ አያቴ ተማርከው፣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ በነበረ የምርኮኞች ካምፕ ለመንገድ የሚሆን ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። አያቴ በ1933 ጥር ላይ በወባ ሞተ፤ ጣልያን ከዚህ ሊባረር ሁለት ወር ሲቀረው መሆኑ ነው። ኦቦ ዱጋሳ ክርስቲያን ስለሆኑ የእኛን ሥርዓት አያውቁም። ስለዚህ አያቴ ከመሞቱ በፊት ፊቱ በየት በኩል መዞር እንዳለበት በእጁ ጠቁሞ አሳያቸው። እሳቸውም እንደተባሉት አድርገው፣ ሲፈልጡት ከከረሙት ነጭ ድንጋይ ሰባት መርጠው በላዩ ደረደሩ። እናቴ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። በል እንግዲህ ውሰደኝ ነው ያለችኝ።

ቦታውን ኦቦ ዱጋሳ ከዋናው መንገድ ላይ ሆነው በጣታቸው አሳዩኝ። በደስታዬ ላይ ደስታ የጨመረልኝ ነገር ታዲያ፣ ቦታው የእርስዎ የሰፈራ መንደር ሆኖ ማግኘቴ ነው። የበሩ ጥበቃ የእርስዎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ካልያዝኩ አንድ እርምጃ እንደማላልፍ በትሕትና ነገረኝ። በዚህ መንገድ ነው እንግዲህ ከእርስዎ ጋር ለመተዋወቅ የበቃሁት። ከዚያ ወዲህ የተደረገልኝን ውለታ በተራ ቁጥር ላስቀምጥ።

1ኛ. ጸሐፊዎ መቃብር ለመጎብኘት የሚሆን ቅጽ ባይኖራቸውም ባዶ እጄን ሊሸኙኝ አንጀታቸው ስላልቻለ፣ የነበራቸውን ብቸኛ ቅጽ፣ የሰፋሪ መመዝገቢያውን፣ በአያቴ ስም እንድሞላ ሰጡኝ። በቅጹ ላይ "ወደ ጣቢያው የመጣበት ምክንያት" የሚል ረድፍ አለ። ለመምረጥ የቀረቡት በድርቅ፣ በፈቃደኝነት እና በድርቅ ምክንያት በፈቃደኝነት የሚሉት ናቸው። እኔ ከጎኑ "ተማርኮ" ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊዎ በቀይ ብዕር ሰረዙና በፈቃደኝነት የሚለው ላይ ምልክት አደረጉበት። እግሩ በሰንሰለት ታስሮ የመጣ ሰው ነው ብዬ ለማስረዳት ብሞክር፣ "እዚህ ጣቢያ በሌላ መንገድ የመጣ ሰው የለም" ብለው አረጋጉኝ። በመስኮቱ አሻግሬ በአጥሩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች፣ በአጥሩ በር ላይ ደግሞ ጠመንጃ የያዘውን ጥበቃ ተመለከትኩ። እንዲህ ያለ ብርቱ ፈቃደኝነት በጠመንጃ መጠበቁ ተገቢ መሆኑን፣ አያቴም በመካከላቸው እንግድነት እንደማይሰማው ያን ጊዜ ገባኝ። አያቴ በጣልያን እጅ ሁለት ዓመት ሲቆይ ማንም በፈቃድህ ነው የመጣኸው ብሎት አያውቅም፤ ይህን ክብር ከወገኖቹ እጅ በማግኘቱ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ ቀድሞው የምርኮኞች ካምፕ ከድሮ ወረቀቶች መካከል የተረፈ የስም ዝርዝር ካለ ብዬ ስጠይቅ፣ ጽሕፈት ቤቱ ከአብዮቱ በፊት ስለሞተ ሰው መረጃ የመስጠት ኃላፊነት እንደሌለበት ተገለጸልኝ። አያቴ ይህን መመሪያ ቢያውቅ ኖሮ ሠላሳ አራት ዓመት ይታገሥ ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለ ፈጠረው ችግር ቤተሰባችን ይቅርታ ይጠይቃል።

3ኛ. በኅዳር ወር የሞላሁት ያ ቅጽ ፋይል ተከፈተለት። ፋይል የተከፈተለት ሰው ደግሞ ሰፋሪ ነው፤ ለካስ መንደሩ ሊሞላ የሚገባው የሰው ቁጥር ጎድሎ ኖሯል። በታኅሣሥ አያቴ የቤት ቁጥር 31 ተሰጠው። አንድ ብርድ ልብስና አንድ ዶማም ተረከበ፤ መረከቡንም በአውራ ጣቱ አሻራ አረጋገጠ። ጣቱ በእርግጥ የማን እንደሆነ የመንደሩ ቡድን መሪ ያውቃሉ፤ እኔ ግን አያቴ ከሞተ በኋላ ፊደል ባይቆጥርም ቢያንስ መፈረም በመቻሉ ኮርቻለሁ።

4ኛ. ይህን በተመለከተ በደስታ ለመጻፍ ሞክሬ ስላቃተኝ በተራው አነጋገር እጽፈዋለሁ።

በመንደሩ በየጠዋቱ ስም ይጠራል። ጁምዓ ዐብዱልቃድር ሲባል አቤት የሚል ስለጠፋ በጥር ወር ኮብላይ ተብሎ ተመዘገበ። ኮብላይ ደግሞ ይፈለጋል። ሁለት ሚሊሺያዎች ወረቀት ይዘው እስከ መንጌ ሄዱና የእናቴን ደጅ አንኳኩ። "ጁምዓ የሚባል ሰውዬ ጠፍቷል፣ አምጡት ተብሎ እኛ ታዘን ነው" አሏት። እናቴ መቼ ነው የጠፋው ብላ ጠየቀቻቸው። በዚህ ወር ነው አሏት። ወረቀቱንም አሳዩዋት፤ ማንበብ ባትችልም ማኅተሙን አየች።

ጓድ ኃላፊ፣ የእርስዎን ማኅተም የምታምን አንዲት ሴት በዚህ አገር አለች፤ እሷም እናቴ ናት። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ መንግሥት አባቷን ፈልጎ አያውቅም፤ አሁን ሁለት ታጣቂ ልኮ ከፈለገው በሕይወት ቢኖር ነው ብላ አሰበች። ዱጋሳ ሌላ ሰው ቀብሮ ይሆናል አለች። ቤቷን ለቀለቀች፣ ከጎረቤቷ ከኢቲዳል አልጋ ተዋሰች፣ ወደ አሶሳ ለሚመጣ ነጋዴም ለእኔ መልእክት ላከች። መልእክቱ ለአያትህ ነጭ ጀለቢያ ስፋለት፣ ልኩን ስለማላውቅ ትንሽ አስፍተህ ቁረጠው የሚል ነበር።

እኔ በዚያው ቀን ሱቄን ዘግቼ በጭነት መኪና መንጌ ወረድኩ። ስደርስ እናቴ ወደ መንገዱ የሚያሳየው በር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ተሳስተው ነው፣ ፋይል ነው የኮበለለው አልኳት። ፋይል ምን እንደሆነ እስክትረዳ ድረስ ደጋግሜ ነገርኳት። የዚያን ጊዜ ግን አለቀሰች። አባቷን ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ ሁለተኛ የገደልኩባት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱ የእርስዎ ነው። ስለ ሌላው ሁሉ እቀልዳለሁ፤ ስለ እነዚያ ሦስት ቀናት ግን አዝኜብዎታለሁ።

5ኛ. ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የኮብላይ ቤተሰብ ኮብላዩ በተረከበው ንብረት ይጠየቃል ተብሎ ብርድ ልብሱንና ዶማውን እንድመልስ የካቲት ላይ ተጽፎልኛል። ዶማው የት እንዳለ ያሻራው ባለቤት ይጠየቅ። ብርድ ልብሱ ግን ተገኝቷል፤ የተገኘበት መንገድ ደግሞ እርስዎ ሳያስቡት የሠሩልኝ ትልቁ ውለታ ነው።

በአንድ የገበያ ቅዳሜ ከወሎ የመጣች ወይዘሮ ዓኢሻ የምትባል ሰፋሪ፣ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ በብብቷ ይዛ ከሱቄ ደጃፍ ቆመች። የቤት ቁጥር 32 ነዋሪ ናት። "የጎረቤቴን አደራ ላደርስ ነው የመጣሁ። መጥቶ ሳላየው ጠፋ፤ ዘመድ አለው ሲሉኝ ይዤው መጣሁ" አለችኝ። ቡድን መሪው በባዶው ቤት ቁጥር 31 ጥሎት የሄደውን አንሥታ፣ በብርድ እያደረች እንኳ ሳትለብሰው ያቆየችው ነው። አስቀመጥኳትና ጎረቤቷ ለምን እንዳልመጣ ነገርኳት። ስለ ነጮቹ ድንጋዮች ስደርስ አቋረጠችኝ። "ሰባት ናቸው? እነሱማ ከጓሮዬ ናቸው። አኳኋኑን አይቼ የእስላም መቃብር መሆኑን አውቄያለሁ፤ ወላሂ ዶማ አላሳረፍኩበትም፤ እሾህ ነው ያጠርኩለት" አለች።

እንግዲህ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ትከሻ ስለካ የፈለግሁትን ሰው፣ ስሙን እንኳ የማታውቅ ሴት አጥር ሠርታ ስትጠብቀው ከርማለች። ለዚህ ሥራዋም በሂስና ግለሂስ ስብሰባ ላይ እንድትቆም ተደርጎ፣ መሬት ጦም ያሳደረች ተብላ ተወቅሳለች። እሷም ግለሂሷን ስታደርግ "ሰው ተኝቶበታል፣ ምን ላድርግ" ብቻ ብላ መቀመጧን ሰምቻለሁ። በስብሰባው ላይ ከተነገረው ሁሉ እውነት የሆነው ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ክቡር ጓድ፣ ወደ ጥያቄዬ ልግባ። በሚያዝያ አጋማሽ ትራክተር ገብቶ የቤቶቹን ጓሮ ሁሉ አንድ የጋራ ማሳ አድርጎ እንደሚገለብጠው ተነግሯል። ለትራክተሩ ሰባት ድንጋይ ምንም አይደለም። ለእናቴ ግን አባቷ ከእነዚያ ድንጋዮች ሌላ ምንም የለውም። ፎቶግራፍ የለውም፣ ልብስ የለውም፣ ልኩን እንኳ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የምለምንዎት፣ አንደኛ ያቺ ሰባት ክንድ መሬት እንድትታለፍ፣ ሁለተኛ ወይዘሮ ዓኢሻ ስለ አጥሯ ዳግመኛ እንዳትወቀስ፣ ሦስተኛ ለእናቴ፣ ለኦቦ ዱጋሳና ለእኔ የአንድ ቀን መግቢያ እንዲሰጠን ነው። ኦቦ ዱጋሳ ቆመው ይመሰክራሉ፤ ከዚያ ሰደቃችንን አብልተን እንወጣለን። ከእኛ ጋር አንዲት ፍየል ትገባለች። ጸሐፊዎ ፍየሏን የት ረድፍ ላይ እንደሚመዘግቧት ራሳቸው ይወስኑ፤ በፈቃደኝነት መጥታለች ብዬ ግን አልፈርምም።

እስካሁን መግቢያ የተከለከልነው የኮብላይ ቤተሰብ ናችሁ ተብለን ነው። ይህንን እንቅፋት ለማቃለል የሚከተለውን በይፋ አሳውቃለሁ። ተፈላጊው ጁምዓ ዐብዱልቃድር ተገኝቷል። ከጣቢያው አልወጣም፣ ከተመደበበት ቤት አጠገብ ካለው ጓሮ ፈቀቅ አላለም፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ ራሽንም አልጠየቀም። በመንደሩ ከእሱ የበለጠ ቦታውን የያዘ ሰፋሪ ያለ አይመስለኝም። ሚሊሺያዎችዎ ሊይዙት ቢፈልጉ ወይዘሮ ዓኢሻ ታሳያቸዋለች፤ ጫማቸውን አውልቀው እንዲቀርቡ ግን አደራ እላለሁ።

በተረፈ፣ ፋይልዎ ሞልቶ እንዳይጎድል፣ ቀይ ብዕርዎ እንዳይደርቅ፣ የእርስዎም ስም በሕይወት ሳሉ ከሟች፣ ከሞቱም በኋላ ከሰፋሪ መዝገብ እንዳይገባ በመመኘት፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የኮብላዩ የልጅ ልጅ፣
አክባሪዎ ልብስ ሰፊው ጀዕፈር ሐመድ
(አሻራ ቢያስፈልግ የራሴን ጣት ይዤ እቀርባለሁ)

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ለወይዘሮ ዓኢሻ አነበብኩላት። በሰደቃው ዕለት አንድ ስም እንዲጨመርላት ጠየቀችኝ፤ ዐፊፋ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረቻት። ከወሎ ሲያመጧቸው መኪናው ላይ ሞተችባት። ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር ድረስ ከመንገዱ ዳር ቀበሯት፤ ጎማው ተቀየረ፣ ተሳፈሩ ተባለ። የት እንደሆነ አታውቅም፤ መዝገብዎም ዐፊፋ የምትባል ልጅ አያውቅም፤ ከመድረሷ በፊት ስለሞተች ፋይል አልተከፈተላትም። ጓድ ኃላፊ፣ ለአያቴ ቤት፣ ብርድ ልብስና ዶማ ሰጥተዋል። ለዐፊፋ ከእነዚህ አንዱንም አንጠይቅም፤ ያ መኪና የቆመበትን ቦታ ስም ብቻ ይንገሩን።